በውስን ገንዘብ ያገለገለ ፎር ባይ ፎር መኪና ለመግዛት የሚረዳ መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከእንጅባራ በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ያለኝ ገንዘብ ውስን ነው፤ ክረምት ከበጋ ገጠር ወርዶ የሚመለስ መኪና እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?» ጠያቂዎቹ የእህል ነጋዴዎች፣ የግንባታ ባለሙያዎች፣ ከከተማ ወጣ ብለው የሚሠሩ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ናቸው። መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን፣ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ገዢ ከመኪናው ስም ይልቅ የመኪናው አያያዝ የሚበልጥ መሆኑ ነው፤ በደንብ የተያዘ ቪታራ በክፉ ከተያዘ ላንድክሩዘር በብዙ ይሻላል። ስለዚህ ሰፊው የመመሪያው ክፍል ለምርመራ የተሰጠ ነው።

ገንዘብዎን አስቀድመው ይደልድሉ

ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው ዋጋ አያውሉት። ከ100 ብር ውስጥ 75ቱን ለግዢው፣ 10ሩን ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድንና ለደላላ፣ 15ቱን ደግሞ ለመጀመሪያው ጥገና መመደብን እመክራለሁ። ያገለገለ ፎር ባይ ፎር በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ ወይም ባትሪ፣ ቺንጋና ዘይት መጠየቁ አይቀርም፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ያልያዘ ገዢ ትንሹን ብልሽት ሳይጠግን እየነዳ ወደ ትልቅ ብልሽት ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሻጮች በዋጋ በቀላሉ ስለማይበገሩ፣ ይህንን ድልድል አጥብቀው መያዝ ይኖርብዎታል።

የትኞቹን ይፈልጉ

የመጀመሪያው መመዘኛ መለዋወጫው በአቅራቢያዎ መገኘቱ ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሚገኝ፣ ካልሆነም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአንድ ቀን ሊላክ የሚችል ዕቃ ያለውን መኪና ይምረጡ።

ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ወይም ፒክአፕ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ የናፍጣ ፖምፓው በኤሌክትሮኒክስ ስለማይታዘዝ በየወረዳው ያለ መካኒክ ይደፍረዋል። ዋጋው ግን ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። ባለ 5ኤል ወይም ባለ 3ኤል ሞተሩ ሃይሉክስ ጉልበቱ አነስተኛ ቢሆንም ጠባዩ ያው ነው። አቅምዎ ከዚህ በታች ከሆነ የመጀመሪያውን ትውልድ ሱዙኪ ቪታራ ይመልከቱ፤ ቀላል ነው፣ ራሱን የቻለ ሻንሲ (ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት መሠረት) አለው፣ ዝቅተኛ ማርሽም አለው፣ ቤንዚኑም ያን ያህል አይከብድም። ባለ 1ኬዜድ ሞተሩ ፕራዶ ምቹ መኪና ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የመሰንጠቅ ልማድ ስላለው ያለ ጥብቅ ምርመራ አይገዛም። ራቭ ፎር ዝቅተኛ ማርሽም ሆነ ሻንሲ ስለሌለው ለጠጠር መንገድ እንጂ ለመረሬ ጭቃ የሚሆን አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር ትውውቅ የሌለው መካኒክ
- ጥሩ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት
- ነጭ ጨርቅ
- ክሪክ እና ሁለት ታኮ
- ከመኪናው ሥር ተኝቶ ለማየት ባዶ ማዳበሪያ
- ማስታወሻ ደብተርና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ከመኪናው በፊት ይመርምሩ

ደላላው «ሰነዱ ንጹሕ ነው» ብሎ ቢደውልልዎ እንኳ የሊብሬውን ፎቶ ሳያዩ መንገድ አይጀምሩ። ሰነድ ማየት ወጪ የለውም፤ መኪና ማስመርመር ግን ቀንዎንና የመካኒክ ክፍያ ይወስዳል።

በሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና እንዳልተሻረ ሰነዱን ባረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው በውሉ ላይ መፈረም ወይም በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል፤ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። ይህ ካልተሟላ ውሉ ከጊዜ በኋላ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ቀጥለው ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ነውን? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፤ ርካሽ ሆነው ከሚቀርቡት ሃርድ ቶፖች አንዳንዶቹ ርካሽ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበትን? ይህንን ሻጩ ሳይሆን የመኪናው ፋይል የሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲነግርዎ ያድርጉ። ሦስተኛ፣ የሰሌዳው ኮድ ምንድን ነው? ኮድ 3 ከሆነ ከሻጩ የግብር ክሊራንስ ሊጠየቅ ስለሚችል ይህንን ማን እንደሚጨርስ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን ያመሳክሩ

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። በአብዛኞቹ ቶዮታዎች የሻንሲው ቁጥር የተመታው በፊት ቀኝ ጎማ አካባቢ፣ በሻንሲው ብረት ላይ ነው፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ያንብቡት። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ምልክት፣ የተፋቀ ብረት ወይም የተዛነፈ አሃዝ ካዩ ድርድሩን በዚያው ያቁሙ። ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ ለውጡ በሊብሬው መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ በዓመታዊው ምርመራ ቦሎ ለማግኘት ይቸገራሉ።

ደረጃ 3፦ ሻንሲውንና ቦዲውን ይዩ

ማዳበሪያውን አንጥፈው ከሥር ይግቡ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በባትሪ እየተከተሉ፣ በተለይ የባሌስትራ (የተነባበረው የብረት ስፕሪንግ) መያዣዎቹንና መሪው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ያስተውሉ፤ በኮረኮንች የከረመ መኪና ስንጥቅ የሚጀምርበት እዚያ ነው። ከሥር ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና ጥርጣሬ ሊያሳድርብዎ ይገባል። በጎጃም የባሕር ጨው የለም፤ ነገር ግን በሻንሲው ውስጥ ተጠቅጥቆ የደረቀ መረሬ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የሚጠረጠረውን ቦታ በካቻቢቴ እጀታ ይምቱት፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ብረቱ ሳስቷል።

በቦዲው ላይ ማግኔቱን ያንሸራትቱ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ አለው። ትንሽ ባትላሜራ (የቦዲ ቅጥቀጣ ጥገና) በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ መኪና የሚያሳስብ አይደለም፤ ጣሪያውና ምሰሶዎቹ ስቱኮ ካላቸው ግን መኪናው ተገልብጧል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ ይመርምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህ ይበልጣል፤ በጥድፊያ አይለፉት። ከሻጩ ጋር ሲቀጣጠሩ በጠዋት እንደሚመጡና እርስዎ ሳይደርሱ ሞተሩ እንዳይነሣ ያስታውቁ። ሲደርሱ ኮፋኖውን አስከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ፤ ለብ ብሎ ካገኙት በሌላ ቀን ይመለሱ። የደከመ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ሕመሙ የሚታወቀው በእንጅባራ ወይም በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ሲነሣ ነው።

ሀ. የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውኃው ላይ የዘይት ቆዳ ከተንሳፈፈ ወይም በክዳኑ ሥር ቡናማ ዝቃጭ ከተያዘ የቴስታታ ወይም የጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ችግር አለ። ባዶ የቧንቧ ውኃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ዝጓል ብለው ይገምቱ።

ለ. ክዳኑን ራሱን ይመርምሩ። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚኖረውም ሙቀት ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ስለሆነ፣ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን በደጋ አገር ሞተር ያቃጥላል። ዋጋው ከሁሉም መለዋወጫ ያነሰ ነው፤ ሻጩ ይህንን እንኳ ካልቀየረ ሌላውን ቀይሯል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሐ. የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በነጩ ጨርቅ ይጥረጉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ጉድለት አይደለም። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወጣ ግን ውኃ ገብቶበታል።

መ. አሁን ያስነሡት። የካንዴሌታው (ናፍጣ ሞተርን ለማስነሣት የሚያሞቀው ዕቃ) መብራት ከጠፋ በኋላ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መነሣት አለበት፤ ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ካጓራ ካንዴሌታው፣ ፖምፓው ወይም የሞተሩ ግፊት ደክሟል። ወዲያው የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅዎ ጨብጠው ይቆዩ፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቱቦው ከጠነከረ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። በ1ኬዜድ ሞተር ላይ ይህንን ካገኙ ሻጩ የሚቀንስልዎት ዋጋ የቴስታታውን ወጪ የሚሸፍን ስለማይሆን ይተዉት።

ሠ. ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ቀጭን ጭስ የተለመደ ነው። ክዳኑን ገልብጠው በቀዳዳው ላይ ሲያስቀምጡት እየዘለለ የሚወድቅ ከሆነ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተዋል፤ ቀጣዩ ሥራ ሙሉ እድሳት ነው።

ደረጃ 5፦ ጭሱን ያንብቡ

ቱርቦ የሌለው ሞተር በደብረ ማርቆስ ከፍታ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ አየር ስለሚያገኝ፣ ነዳጅ በጥልቅ ሲረገጥ ጥቂት ጥቁር ጭስ ማውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ሜዳ ላይ በዝግታ ሲሄድም ከጠቆረ ግን ኖዝሎቹ (የናፍጣ መርጫዎቹ) ወይም የአየር ማጣሪያው ይታዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ከጠፋ አያሳስብም፤ ሞተሩ ሞቆም የሚቀጥል ከሆነና ራዲያተሩ ውኃ የሚያጎድል ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

ደረጃ 6፦ ፎር ባይ ፎሩ በእርግጥ እንደሚሠራ ያረጋግጡ

ብዙ ገዢዎች ማንሻውን አስገብተው መብራቱ ሲበራ ይረካሉ። መብራቱ የሚናገረው ማንሻው መግባቱን እንጂ የፊት ጎማዎች መጎተታቸውን አይደለም። ስለዚህ ፎር ባይ ፎሩ በማንሻ በሚገባባቸው፣ በፊት ጎማዎቻቸው እምብርት ላይም ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያገናኝ ሎክ ባላቸው መኪናዎች ላይ የሚከተለውን ያድርጉ።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ። ማርሽ አንድ ያስገቡ፤ ማንሻውን ኤች 4 (ፎር ባይ ፎር በመደበኛ ማርሽ) ላይ ያድርጉ፤ ሎኮቹን ይቆልፉ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥተው በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ። ጎማው ጥቂት ተንቀሳቅሶ መያዝ አለበት። እንደ ልቡ የሚዞር ከሆነ ሎኩ፣ አክሱ ወይም የኃይል ማከፋፈያው ሣጥን አይሠራም። ከዚያም ያንኑ ሎክ ፈትተው ሲያዞሩት በነፃ መዞር ይኖርበታል። በሌላውም ጎማ ይድገሙት። ጎማው ተነሥቶ ሳለ ላይና ታቹን ይዘው ያወዛውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ላልቷል።

ቀጥሎ ዳገት ያለው የጠጠር ወይም የሣር መሬት ይፈልጉ። መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁመው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ኤል 4 (ፎር ባይ ፎር በዝቅተኛ ማርሽ) ያስገቡ። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር በማርሽ አንድ ነዳጅ ሳይረገጥ ዳገቱን በሰው እርምጃ ይወጣል። ማንሻው ከወጣበት ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ውስጡ ተበልቷል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ሲያዞሩም ከፊት «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የፊት አክስ መጋጠሚያው ማርጀቱን ይወቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህንን የመንዳት ሙከራ በደረቅ አስፋልት ላይ አያድርጉ። የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ እኩል ስለማይሄዱ አልቤሮው (ኃይል አስተላላፊው ዘንግ) ይወጠራል፤ ሳጥኑም ሊሰበር ይችላል።

ደረጃ 7፦ የሥር ዕቃዎች

በላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕና በኒሳን ፓትሮል የፊት ጎማዎች ጀርባ ያለውን ክብ ብረት ይዩ፤ ቀጭን ዘይት ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ከወረደ የውስጥ ጎሚኒው (የዘይት ማገጃው ላስቲክ) ተበልቷል፤ የሚጠገን ነው፤ ከዋጋው ግን ያስቀንሱ። የዲፈረንሻሉን የላይኛውን፣ ማለትም የመሙያውን ቡሎን አስፈትተው በጣትዎ ይንኩ፤ ዘይቱ ከነጣ መኪናው ወንዝ ተሻግሮ ውኃ ጠጥቷል። ቴስቲናዎችን (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎች)፣ ቦኮላዎችን (የመጋጠሚያ ላስቲኮች) እና ክሮቸራውን (የአልቤሮ መጋጠሚያ) መካኒኩ በሌባ ብረት ያወዛውዛቸው። ዋጋቸው የሚቻል ስለሆነ ግዢውን የሚያስቀሩ አይደሉም።

ደረጃ 8፦ ጎማ

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ «3219» ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ዕድሜው 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ለቆላ ሙቀትና ለጭነት አይታመንም።

ደረጃ 9፦ በመንገድ ላይ ይፈትኑት

ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ይንዱ፤ ዳገትና ቁልቁለት ይኑርበት። ደጀን ከሆኑ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ይመለሱ፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በቆላ ሙቀት የሚወጣ በመሆኑ የማቀዝቀዣውን ጤንነት ከማንኛውም ጋራዥ በተሻለ ይነግርዎታል። ከደብረ ማርቆስ ከሆነ ወደ ረቡዕ ገበያ የሚወስደውን የጮቄ አቅጣጫ ይሞክሩ። የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ መርጋት አለበት፤ ዳገት ላይ እየወጣ ሜዳ ላይ የሚመለስ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል። መለኪያው ከነአካቴው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ያጣሩ።

በቁልቁለት ማርሽ ሁለት ይዘው እግርዎን ከነዳጅ ያንሡ፤ ማርሹ ዘሎ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ተፈትቶ መጠገን አለበት። በዳገት በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረግጡ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በአስፋልት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት አክሱ ኩሽኔታዎችና የጎማው ሚዛን ይታዩ።

ደረጃ 10፦ ዋጋ፣ ቀብድና ውል

ያገኙትን ጉድለት ሁሉ በደብተርዎ ላይ ከመካኒኩ ግምት ጋር ጽፈው ለሻጩ ያሳዩት። «ትንሽ ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ «ፍሪሲዮኑ ይህን ያህል ይፈጃል» ማለት ድርድሩን ያሳጥረዋል። የደላላውንም ድርሻ ከመኪናው ዋጋ ለይተው አስቀድመው ይቁረጡ።

ቀብድ ሲሰጡ ይጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ደረጃ 1 ሳይጠናቀቅ ቀብድ አይስጡ፤ ሲሰጡም በጽሑፍና በምስክር ይሁን። ቀሪውን ገንዘብ ውሉ በውልና ማስረጃ ሲፈረም በባንክ ያስተላልፉ፤ በውሉም ላይ የተከፈለው እውነተኛ ዋጋ ይጻፍ። ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ግብር የሚቀንስ ቢመስልም፣ ክርክር ቢነሣ የሚመለስልዎት የተጻፈው ብቻ ነው።

ከጨረታ ለሚገዙ

የመሥሪያ ቤትና የድርጅት መኪናዎች በጨረታ ሲሸጡ ባሉበት ሁኔታ ስለሆነ፣ ሞተር አስነሥቶ ማየት አይፈቀድ ይሆናል። ከ4ኛው ደረጃ የቻሉትን ያህል በዓይን ይመርምሩ። ለረጅም ጊዜ ከቆመ መኪና ጎማው፣ ባትሪው፣ የፍሬን ላስቲኮቹና በሰልባትዮው (በነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው ናፍጣ አይሆኑም ብለው አስልተው ዋጋ ይስጡ። ቀረጥ ማን እንደሚከፍልም የጨረታውን ሰነድ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ሳይዘነጉ የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች

የሞቀ ራዲያተር ክዳን በጭራሽ አይክፈቱ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አይግቡ። ሙከራውን ከማድረግዎ በፊት የሦስተኛ ወገን መድኑ ያልተቃጠለ መሆኑን ይዩ።

የተለመዱ ስሕተቶች

በኪሎ ሜትር ቆጣሪ መተማመን ቀዳሚው ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ግን አይመለሱም። 90,000 ኪሎ ሜትር የሚል ቆጣሪ ይዞ መርገጫው እስከ ብረቱ ያለቀ መኪና ካዩ ቆጣሪውን ይርሱት።

ሁለተኛው በበጋ ገዝቶ በክረምት መጸጸት ነው። በጥር አቧራ ላይ ፎር ባይ ፎር ያለውም የሌለውም እኩል ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ የሚታየው በሐምሌ በእነማይና በደጀን መረሬ ላይ ስለሆነ ደረጃ 6ን በየትኛውም ወቅት አይዝለሉት። ሌላው፣ ጎማውን ሰፊና ከፍ ያለ አድርጎ ያስቀየረ መኪናን እንደ ብርቱ መቁጠር ነው፤ ከልኩ ያለፈ ጎማ ፍሬኑንና ኩሽኔታውን ያደክማል፤ ጉልበትም ይቀንሳል።

ከገዙ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት

ሻጩ «ትናንት ቀይሬዋለሁ» ቢልዎትም የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የማከፋፈያ ሣጥንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያውን፣ የራዲያተር ክዳኑንና ውኃውን ከማቀዝቀዣ ኬሚካል ጋር ይቀይሩ። በ1ኤችዜድ፣ በ5ኤልና በ1ኬዜድ ሞተሮች ላይ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ በዚሁ ሳምንት ያስቀይሩት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉና። የለውጡን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈው በኮፋኖው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። በክረምት ውኃው እስከ ጎማው እምብርት የደረሰ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ደግሞ፣ በዚያው ሳምንት የዲፈረንሻሉን መሙያ ቡሎን ከፍተው የዘይቱን መልክ ይዩ።